«12 ቮልት አይገድልም» ካሉ፣ ፍሪጁ ለምን ይነዝራል?

ሶላር ያስገጠሙ ወይም ለማስገጠም ያሰቡ ከሆነ፣ ስለ ፓነሉና ስለ ባትሪው የሚጠይቁትን ያህል ስለ አንድ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦም ይጠይቁ።

ሐምሌ ነው እንበል። እንጅባራ ላይ ከቀትር በኋላ የጀመረው ዝናብ እስካሁን አላባራም። መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት አልፎታል። እርስዎ ግን ዘንድሮ ሶላር ስላስገጠሙ እንደ አምናው ሻማ ፍለጋ አልተሯሯጡም። ሳሎኑ በርቷል፣ ቴሌቪዥኑ ይሠራል፣ ልጆች ደብተራቸውን ዘርግተዋል። ትንሹ ከግቢ እግሩን አርሶ ይገባና ወተት ለማውጣት የፍሪጁን እጀታ ይይዛል። ወዲያው እጁን ሰብስቦ «እማዬ፣ ፍሪጁ ነዘረኝ!» ይላል።

በብዙ ቤት ለዚህ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «ጫማህን አድርገህ ክፈት» ይባላል። ሶላሩን የገጠመው ሰው ተጠርቶ ቢጠየቅ ደግሞ «ባትሪው እኮ 12 ቮልት ነው፤ 12 ቮልት አይገድልም» ሊል ይችላል። በእርግጥ አባባሉ ውሸት የለበትም። ደረቅ እጅ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ቢነካ ምንም አይሰማውም። ነገር ግን ልጁ የነካው ባትሪውን አይደለም። የነካው ፍሪጁን ነው፤ ፍሪጁ ጋ የደረሰው ኤሌክትሪክ ደግሞ 12 ቮልት አይደለም።

የዚህ ወር ጽሑፋችን ስለዚህ ልዩነት ነው። ባለሙያዎች «ግራውንድ» ወይም «ኧርዝ» ስለሚሉት፣ ሶላር ሲገዛ ግን ብዙ ጊዜ ከዕቃዎቹ ዝርዝር ላይ ስለሚቀረው የመሬት መስመር እናወራለን።

ዝቅተኛው ቮልት የት ላይ ያበቃል?

በሰሜን ሸዋ ሬማ በምትባል የገጠር ከተማ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ቤቶች በትንንሽ ሶላር መብራት ማግኘት ችለው ነበር። እንዲህ ያለው አነስተኛ ሥርዓት አንድ ትንሽ ፓነል፣ አንድ ባትሪና ጥቂት አምፖሎች ብቻ ያሉት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ቮልት ስለሆነ ነዝሮ ሰው የመጉዳት ዕድሉ እጅግ ዝቅተኛ ነው። «ሶላር አይነዝርም» የሚለው እምነትም በአብዛኛው የመጣው ከእነዚህ ትንንሽ ሶላሮች ነው።

የዛሬ የከተማ ቤት ሶላር ግን ሌላ ነው። ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ላፕቶፕና ዋይፋይ ማንቀሳቀስ አለበት። ስለዚህ በባትሪውና በዕቃዎቹ መካከል ኢንቨርተር ይገባል። የኢንቨርተሩ ሥራ ከባትሪው የሚመጣውን 12፣ 24 ወይም 48 ቮልት ወደ 220 ቮልት መቀየር ነው። ከኢንቨርተሩ በኋላ ያለው 220 ቮልት ከመብራት ኃይል ቆጣሪ ከሚመጣው በአደገኛነቱ አይተናነስም። ከፀሐይ መምጣቱ አያለዝበውም።

ይህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለመረዳት አንድ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ያስቡ። በ220 ቮልት ሲበራ የሚጎትተው 40 ሚሊአምፔር ገደማ ብቻ ነው። በሰው አካል ውስጥ ከ10 ሚሊአምፔር በላይ ሲያልፍ የእጅ ጡንቻ ተጨብጦ የያዘውን መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል። ከ30 ሚሊአምፔር በላይ ሲሆንና ሲቆይ ልብን ከምቷ ያዛባል። ስለዚህ አንዲት ትንሽ አምፖል የምትበራበት ኤሌክትሪክ ሕይወት ለማጥፋት በቂ ነው።

ጣሪያው ላይም «12 ቮልት» የሚለው ስም ያሳስታል። ባለ 12 ቮልት የሚባለው ፓነል ምንም ሳይገናኝበት ሲለካ 21 ወይም 22 ቮልት ያሳያል። አሁን በብዛት የሚሸጡት ከ450 ዋት በላይ የሆኑ ፓነሎች እያንዳንዳቸው 50 ቮልት አካባቢ ይደርሳሉ። አራቱ ተከታትለው ከተያያዙ 200 ቮልት ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ፓነል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው እንጅባራ፣ ብርዳማ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ጀርባው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ሊያልፍ ይችላል። ፀሐይ እስካለች ድረስ ደግሞ ፓነልን «ማጥፋት» አይቻልም።

ግራውንድ ምን ይሠራል?

ብዙዎቻችን ግራውንድ ሲባል የምናስበው መሬት ውስጥ የተቀበረ ዘንግና «ትርፍ ኤሌክትሪክ መሬት ይውጠዋል» የሚለውን ነው። ይህ በግማሽ ብቻ ትክክል ነው። ኤሌክትሪክ መሬት ውስጥ ገብቶ አይጠፋም፤ ሁልጊዜ ወደ መጣበት ለመመለስ መንገድ ይፈልጋል። ግራውንድ ማለት ይህ መንገድ በልጅዎ አካል በኩል እንዳይሆን ቀድሞ የተዘጋጀ ሌላ መንገድ ነው።

ሥራው ሁለት ነው። አንደኛ፣ የፍሪጁን አካል፣ የኢንቨርተሩን ሳጥን፣ የፓነሎቹን ፍሬምና ሌሎችንም ብረቶች በአረንጓዴና ቢጫ ሽቦ አንድ ላይ ያስራል። ሁሉም አንድ ላይ ከታሰሩ በመካከላቸው የቮልት ልዩነት አይኖርም፤ ልዩነት ከሌለ ደግሞ አንዱን በቀኝ ሌላውን በግራ እጁ የነካ ሰው አይነዘርም። ሁለተኛ፣ አንድ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ሲነካ ኤሌክትሪኩ በዚህ መስመር ይመለስና መስመሩ እንዲቋረጥ ያደርጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ አንዳንዴም ገጣሚው ራሱ፣ የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። «ዘንግ ቀብረናል፣ ብሬከርም አለ፤ ስለዚህ ደህና ነን» ይባላል። እስቲ እናስላው። የቀበሩት ዘንግ ከመሬቱ ጋር ያለው መከላከያ 50 ኦም ቢሆን፣ 220 ቮልት በእሱ በኩል ሲፈስ የሚያልፈው 4.4 አምፔር ነው። ባለ 16 ወይም ባለ 20 አምፔር ብሬከር ይህንን እንደ አንድ ተራ ዕቃ ቆጥሮ ዝም ይላል፤ ፈጽሞ አይወርድም። የፍሪጁ አካልም ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል።

ስለዚህ ከዘንጉ ጋር አብሮ የሚያስፈልግ አንድ ዕቃ አለ፤ «አርሲዲ» ይባላል። መልኩ ብሬከር ይመስላል፤ ፊቱ ላይ ግን «ቴስት» የሚል ትንሽ ቁልፍ አለው። የሄደው ኤሌክትሪክና የተመለሰው እኩል መሆናቸውን ይቆጣጠራል። የ30 ሚሊአምፔር ልዩነት ካገኘ ከሰከንድ ሽራፊ ባነሰ ጊዜ ያቋርጣል። ከኢንቨርተሩ በኋላ በትክክል እንዲሠራ ግን የኢንቨርተሩ ኒውትራል በአንድ ቦታ ላይ ከግራውንድ ጋር መገናኘት ይኖርበታል። ይህን የማይፈቅዱ፣ ቢሞከር የሚቃጠሉ ርካሽ ኢንቨርተሮች አሉ። ስለዚህ ባለሙያው የዕቃውን መመሪያ ሳያነብ እንዲያገናኝ አይፍቀዱ።

አሁን ወደ ፍሪጃችን እንመለስ። ለምን ነዘረ? ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ጤነኛ ሆነውም ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ አካላቸው ያሳልፋሉ። ግራውንድ ካለ ይህ በሽቦው ይሄዳል፤ ከሌለ ግን አካላቸው ላይ ይቀመጥና የነካቸውን ሰው ቆንጠጥ ያደርጋል። ይህ ብቻውን አይገድልም። ሁለተኛው ምክንያት ግን በዕቃው ውስጥ ተልጦ ብረቱን የነካ ሽቦ ነው፤ እሱ ይገድላል። በእጅ ስሜት ሁለቱን መለየት አይቻልም። በሁለቱም ሁኔታ ግን አንድ ነገር ተረጋግጧል፤ ግራውንዱ የለም ወይም ተቋርጧል።

ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ሳይሆን ዓይናችን ሥር ነው። ሦስተኛውን እግር የማይቀበል ማከፋፈያ ገዝተን ፍሪጁን፣ ማጠቢያ ማሽኑን ወይም ምጣዱን ስንሰካበት ግራውንዱን በገዛ እጃችን ቆረጥነው ማለት ነው። በነገራችን ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,000 ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚጎትት ለአብዛኛው የቤት ኢንቨርተር አይሆንም። በቆጣሪው መስመር ላይ ሲሠራም እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ሊጥ በነካ እጅ የሚሠራበት ዕቃ ነውና፣ ከቤቱ ሁሉ አስቀድሞ ግራውንድ የሚገባው እሱ ነው።

ዘንጉ የሚቀበረው የት ነው?

የእንጅባራ አካባቢ እሳተ ገሞራ የሠራው ምድር ነው። ከከተማዋ ብዙ የማይርቀው የዘንገና ሐይቅ ራሱ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውኃ ነው። በዚህ ምድር ላይ አንዱ ግቢ ጥልቅ ቀይ አፈር ሲኖረው ሌላው ግቢ ግማሽ ሜትር ሳይቆፈር ድንጋይ ይወጣል። እርጥብ አፈር ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል፤ ደረቅ አፈርና ድንጋይ ግን ይከለክላል።

ጥሩ ዘንግ መዳብ የተለበጠ ብረት ሲሆን ቢያንስ ከ1.5 እስከ 2.4 ሜትር ይረዝማል። ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ቀብሮ «ግራውንድ ነው» ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ በዚህ ዝናብ ፌሮው ቶሎ ይዝጋል፤ ሽቦው የታሰረበት ቦታም ይላላል። ዘንጉ ድንጋይ ከመታ ቆርጦ ማሳጠር መፍትሔ አይሆንም። ሰያፍ አድርጎ መትከል ወይም 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሮ ባዶ የመዳብ ሽቦ በርዝመቱ መቅበር ይቻላል። ሁለት ዘንግ ካስፈለገ በመካከላቸው ቢያንስ የአንዱን ዘንግ ርዝመት ያህል ርቀት ይኑር።

ጉድጓዱን በከሰልና በጨው መሙላት የቆየ ዘዴ ነው። አዊ ውስጥ ከሰል አይቸግርም፤ የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ከዲከረንስ ዛፍ የሚያከስሉት ከሰል አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ከሰሉ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ይጠቅማል። ጨው ግን መጀመሪያ ላይ ያሻሽላል እንጂ ክረምቱ ሲበረታ እየታጠበ ይሄዳል፤ ብረቱንም ይበላል። ጨው ያስጨመሩ ከሆነ በየጊዜው ማስለካት ሊያስፈልግዎ ነው።

ልኬቱ መቼ ይሁን? ብዙ ገጣሚ በክረምት ይለካና «በጣም ጥሩ ነው» ይላል። በሐምሌ መሬቱ ውኃ ስለጠገበ ሁሉም ግራውንድ ጥሩ ይመስላል። እውነቱን የሚነግርዎ በጋው ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ካለፈ በኋላ ባሉት ደረቅ ሳምንታት ያስለኩ፤ 10 ኦምና ከዚያ በታች ከተገኘ ጥሩ የሚባል ነው። የቧንቧ ውኃ መስመርን እንደ ግራውንድ መጠቀም ግን አይገባም፤ መካከሉ ላይ አንድ ሜትር የፕላስቲክ ቧንቧ ከገባ መስመሩ ተቆርጧል፤ ቧንቧ የሚነካም ሰው ሊነዘር ይችላል።

ከሁሉ በላይ ቤቱ አንድ የግራውንድ ሥርዓት ይኑረው። «ለሶላሩ ለብቻው፣ ለቆጣሪው ለብቻው» ተብሎ ሁለት ቦታ ዘንግ ተቀብሮ ሁለቱ ካልተገናኙ፣ መብረቅ አቅራቢያ ሲወድቅ በሁለቱ መካከል ከፍተኛ ቮልት ይፈጠራል፤ የሚያልፈውም በኢንቨርተርዎ ውስጥ ነው። ሁለት ዘንግ ካለ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ይያያዙ።

ጣሪያውና መብረቁ

«ግራውንድ መብረቅ ይጠራል» የሚል ስጋት በየሰፈሩ አለ። ትክክል አይደለም። መብረቅ የሚወድቅበትን ቦታ የሚወስኑት ከፍታና አቀማመጥ ናቸው እንጂ መሬት ውስጥ የተቀበረ ዘንግ አይደለም። ግራውንዱ የሚሠራው መብረቁ ከመጣ በኋላ የሚሄድበትን መንገድ ማመቻቸት ነው።

እውነቱን ለመናገር መብረቅ በቀጥታ ፓነሉ ላይ ቢወድቅ ዕቃውን ሙሉ በሙሉ የሚያድን ነገር የለም። ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚያደርሰው ግን በአቅራቢያ የወደቀው ነው። እሱ ሳይነካ በሽቦዎች ውስጥ ቮልት ይፈጥራል። ይህን ለመቀነስ ከፓነሉ የሚወርዱት ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሽቦዎች ተጠጋግተው አብረው ይውረዱ፤ አንዱ በዚህ ሌላው በዚያ ማዕዘን ከዞረ በመካከላቸው ያለው ሰፊ ቦታ እንደ አንቴና ይሠራል። ከኢንቨርተሩ አጠገብ ለዲሲ የተሠራ ሰርጅ ፕሮቴክተር ይግባ፤ እሱም ያለ ግራውንድ አይሠራም። የፓነሎቹ ፍሬም ቢያንስ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ይታሰርበት፤ ቤቱ የመብረቅ መከላከያ ካለው ባለ 16 ይሁን። ሽቦው አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ በፍሬሙ ላይ የግራውንድ ምልክት ባለበት ቀዳዳ ይታሰር። መዳብ በቀጥታ አሉሚኒየም ሲነካ እርጥበት ላይ ስለሚበላላ ለዚሁ የተሠራ ማያያዣ ያስፈልጋል።

የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ሌላም ጥንቃቄ ይሻል። ከፓነሉ የሚወርደው ገመድ በቆርቆሮው ስለታም ጠርዝ ላይ ተደግፎ ከቀረ፣ ንፋስ እያወዛወዘው በጊዜ ብዛት ይላጣል። ያን ጊዜ ጣሪያው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ አሸንዳውና ከጣሪያው ጋር የታሰረው የልብስ ማስጫ ሽቦም እንደዚያው። ገመዱ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ።

ነጎድጓድ ሲቃረብ ዕቃዎችን ከሶኬት መንቀል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ገና ከሩቅ ሲሰማ እንጂ ራስዎ ላይ ሲያጓራ አይሁን። ዘንጉ የተቀበረበት ቦታም ከመግቢያ በርና ልጆች ከሚጫወቱበት ይራቅ፤ መብረቅ ሲወርድ በዙሪያው ያለው መሬት ራሱ አደገኛ ነው።

ባትሪው ጋ ያለው ሌላ አደጋ

ባለ 12 ቮልት ባትሪ አይነዝርም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሁለቱ ጫፎቹ በመፍቻ ቢገናኙ ከ1,000 አምፔር በላይ ሊለቅ፣ መፍቻውን ሊያግልና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከዚህ የሚያድነው ግራውንድ ሳይሆን ከፖዘቲቩ ጫፍ አጠገብ የሚገባ ፊውዝ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ከመሬት ጋር ማገናኘትም አለ። በ12 ወይም በ24 ቮልት ይህ ሁልጊዜ ግዴታ አይደለም። ከተደረገ ግን በአንድ ቦታ ብቻ ይሁን። ብዙ ርካሽ ቻርጅ ኮንትሮለሮች የሚቆጣጠሩት በኔጌቲቩ በኩል ነው፤ የፓነሉም የባትሪውም ኔጌቲቭ ከመሬት ጋር ከተያያዘ ኮንትሮለሩ ተዘልሎ ባትሪው ከልክ በላይ ይሞላል፤ ይፈላል፤ ያብጣል። «ለጥንቃቄ ሁሉንም መሬት አስነኩት» ማለት እዚህ ላይ ጥንቃቄ አይሆንም።

ከመክፈልዎ በፊት ለገጣሚው የሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች

1. ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የተሰጠ የኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ አለዎት?
2. የፓነሎቹ ፍሬም፣ የኢንቨርተሩ ሳጥንና የቤቱ ሶኬቶች ግራውንድ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ? ቦታውን ያሳዩኝ።
3. ከኢንቨርተሩ በኋላ ባለ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ አለ? ቁልፉን እኔ ልጫነውና ሲያቋርጥ ልየው።
4. ኒውትራሉ ከግራውንድ ጋር የት ተገናኘ? የኢንቨርተሩ መመሪያ ይፈቅዳል?
5. ፓነሎቹ ተያይዘው ስንት ቮልት ይሆናሉ? ማቋረጫው ለዲሲ የተሠራ ነው? (ዲሲ ሲቋረጥ የሚፈጠረው ብልጭታ በቀላሉ ስለማይጠፋ ለኤሲ የተሠራ ብሬከር ሊቃጠል ይችላል።)
6. የባትሪው ፊውዝ የታለ?
7. ግራውንዱ ስንት ኦም ተለካ? በጽሑፍ ይስጡኝ፤ በበጋም ይመለሱና ይለኩልኝ።

ሰባቱን ጥያቄዎች ሲሰማ የሚቆጣ ገጣሚ መልሱን ሳይናገር ነግሮዎታል።

ሶላሩ ከተገጠመ ቆይቶ ከሆነስ?

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት መርሐ ግብር፣ ከሕዝቡ 35 በመቶ ያህሉ ከዋናው መስመር ውጪ በሆነ ኃይል፣ በዋናነት በሶላር፣ እንዲደርሰው ታቅዶ ነበር። ሶላር እንግዲህ የመብራት መጥፋት ማስታገሻ ብቻ ሳይሆን የቤታችን አካል እየሆነ ነው። እንደ ቤታችን አካልም ሊታይ ይገባል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አምስት ደቂቃ ይስጡት። ፍሪጁና ማጠቢያ ማሽኑ የተሰኩበትን ማከፋፈያ ይመልከቱ፤ ግራውንድ የሌለው ከሆነ ይቀይሩት። አርሲዲ ካለ «ቴስት» የሚለውን ይጫኑ፤ ካላቋረጠ ባለሙያ ይጥሩ፤ ካቋረጠም በወር አንዴ ይድገሙት። ነገ በብርሃን ደግሞ ከጣሪያው የሚወርደውን ገመድና ዘንጉ ላይ የታሰረውን ሽቦ በዓይንዎ ይዩ፤ በእጅዎ ግን አይንኩ። የላላ፣ የዛገ ወይም የተላጠ ካዩ ለባለሙያው ይተዉት።

ልጅዎ ደግሞ «ነዘረኝ» ካለ ጫማ አያልብሱት። ዕቃውን በእጅዎ ሳይነኩ ብሬከሩን ያውርዱና መስመሩ እስኪታይ ድረስ እንዳይከፈት ያድርጉ። ወተቱ ቢበላሽ ነገ ሌላ ይገዛል።